ልጁ ትኩሳት አለው፤ ምን እንይ? ምን እናድርግ?

ልጅ ሲያተኩሰው ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚሰማው ጥያቄ «ስንት ገባ?» የሚል ነው። 38 ከሆነ ትንሽ እፎይ ይባላል። 39.5 ከሆነ ቤቱ ይተራመሳል። ከቁጥሩ በፊት ግን ሁለት ነገር መጠየቅ አለበት። ልጁ ዕድሜው ስንት ነው? ሁኔታውስ እንዴት ነው? 39.5 ገብቶ፣ ፓራሲታሞል ከወሰደ በኋላ ተነሥቶ የሚጫወት የሦስት ዓመት ልጅ አለ። 38 ብቻ ሆኖ ጡት አልይዝ ያለ የአንድ ወር ሕፃንም አለ። ፈጥኖ ሐኪም ቤት መድረስ ያለበት ሁለተኛው ነው።

ትኩሳት ራሱ በሽታ አይደለም። አንጎል ውስጥ የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠር ክፍል አለ። ጀርም ሲገባ የመከላከያ ሴሎች ኬሚካል ይለቃሉ፤ ያ ክፍልም የሙቀቱን ልክ ከፍ ያደርገዋል። ልጁ ሰውነቱ እየፋጀ «በረደኝ» ብሎ የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። አዲሱ ልክ ላይ ለመድረስ ሰውነቱ ሙቀት እያመረተ ነው። እጅና እግሩ የሚቀዘቅዘውም ደሙ ወደ ውስጥ ስለሚሰበሰብ ነው። ትኩሳቱ ሲወርድ ደግሞ ያልበዋል።

ወላጅን በጣም የሚያስፈራው «ትኩሳቱ አንጎሉን ያቃጥለዋል» የሚለው ወሬ ነው። በኢንፌክሽን የመጣ ትኩሳት ከ41 ሲያልፍ እምብዛም አይታይም። 40 የገባ ትኩሳት በራሱ አንጎል አይጎዳም። አንጎል የሚጎዱት ከትኩሳቱ ጀርባ ያሉ እንደ ማጅራት ገትርና ከባድ ወባ ያሉ በሽታዎች ናቸው። ስለዚህ ትልቁ ሥራ ከጀርባው ያለውን ማወቅ ነው። (ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተዘጋበት ልጅ ጉዳይ ለብቻው ነው። እሱን ያጋለው የውጭ ሙቀት ስለሆነ ፓራሲታሞል አይሠራለትም። ወዲያው እያቀዘቀዙ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።)

አለካኩ

የእናት እጅ ብዙ ያውቃል። ግን እጅ ቁጥር አይናገርም፤ ሐኪሙ ደግሞ ቁጥሩን ይፈልገዋል። ተራ ዲጂታል ቴርሞሜትር ይበቃል። ብብቱን በጨርቅ አድርቁ። ጫፉን ብብቱ መሐል አስገቡና ክንዱን ወደ ጎኑ ጠጋ አድርጋችሁ ያዙ። ድምፅ እስኪያሰማ ጠብቁ። በብብት ሲለካ 37.5 እና ከዚያ በላይ ትኩሳት ነው። በብብት የሚለካው ከውስጥ ሙቀት ግማሽ ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል፤ በፊንጢጣ ሲለካ ትኩሳት የሚባለው ከ38 ጀምሮ ነው። አሜሪካ ላላችሁ 38 ማለት 100.4 ፋራናይት ነው። አሮጌው የሜርኩሪ ቴርሞሜትር ቤት ካለ አስወግዱት። ከተሰበረ መስታወቱም ሜርኩሪውም አደገኛ ነው።

በሁለት ጋቢና በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የቆየ ልጅ ሊሞቅ ይችላል። ግለጡት፤ አሥራ አምስት ወይም ሃያ ደቂቃ ቆይታችሁ እንደገና ለኩት።

ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን

እዚህ ላይ ምንም ማቅማማት የለም። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን 37.5 ከገባ ቀን ይሁን ሌሊት ያኔውኑ ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ሐኪሞች ይህን ጥንቃቄ እስከ ሦስት ወር ያደርሱታል። ምክንያቱም ይህን የሚያህል ሕፃን ደም ውስጥ የገባን ኢንፌክሽን መቋቋም አይችልም፤ ምልክቱም በግልጽ አይታይበትም። ሳል የለም፣ ሽፍታ የለም። ጡት መሳብ ይተዋል፣ ይልፈሰፈሳል፣ ከወትሮው በላይ ይተኛል። እንዲያውም አንዳንዱ በትኩሳት ፋንታ ይቀዘቅዛል። ከ35.5 በታች መውረዱም እንደ ትኩሳቱ አደገኛ ምልክት ነው።

ለአራስ ቤት ፓራሲታሞል ሰጥቶ «ትንሽ እንየው» አይባልም። «ክርስትና ሳይነሣ ከቤት አይወጣም» ለሚሉ አያቶች ይህን በአክብሮት ግን በጥብቅ ማስረዳት ያስፈልጋል። 6 ሳምንት ላይ የተከተበ ሕፃን በማግሥቱ ትንሽ ቢያተኩሰው ከክትባቱ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ራሳችሁ «የክትባቱ ነው» ብላችሁ አትዝጉት፤ ለከተበው ጤና ጣቢያ አሳዩት።

በየትኛውም ዕድሜ የማይታለፉ ምልክቶች

መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ራሱን ስቶ ካንቀጠቀጠው (የብርድ መንቀጥቀጥ አይደለም)፣ ከፈዘዘ ወይም ለመንቃት ካስቸገረ፣ ነገ አይባልም። እነዚህ አራቱ በየጤና ጣቢያው ማንኛውም የታመመ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቁ ናቸው። በእነሱ ላይ ማጅራቱ መድረቁን ጨምሩ፤ ልጁ አገጩን ወደ ደረቱ ማስጠጋት አይችልም፣ ስትሞክሩለት ይጮኻል። በሕፃን ላይ ደግሞ እርግብግቢቱ ሳያለቅስ ያብጣል። ሌላው በብርጭቆ ስትጫኑት የማይጠፋ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ነው። ጠይም ቆዳ ላይ ስለማይጎላ መዳፉን፣ ውስጥ እግሩንና የዓይኑን ቆብ ውስጡን እዩ።

ትንፋሹን መቁጠር ደግሞ ማንኛውም ወላጅ ሊችለው ይገባል ብዬ አምናለሁ። ልጁ ተኝቶ ወይም ጡት ጠብቶ ሲረጋጋ ልብሱን ከፍ አድርጉ። ሲያለቅስ አይቆጠርም። ስልካችሁ ላይ አንድ ደቂቃ አስጀምሩና ደረቱን ተመልከቱ። አንዴ ወጥቶ ሲወርድ አንድ በሉ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ እጥፍ ማድረግ ያሳስታል፤ ሕፃናት ሲተነፍሱ መሐል ላይ ቆም ይላሉ። ከሁለት ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ሳልና ትኩሳት ላይ ፈጣን ትንፋሽ ሲጨመር የሳምባ ምች ይጠረጠራል። ትንፋሽ ሲያስገባ የጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ ከሆነማ መቁጠሩንም ትታችሁ ሂዱ።

ከጀርባው ማን አለ?

አብዛኛው የልጆች ትኩሳት የቫይረስ ነው። ንፍጥ፣ ሳል፣ የጉሮሮ መቁሰል፣ አንዳንዴ ተቅማጥ አለው። በሁለት ሦስት ቀን ይለቃል። አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም፣ አይጠቅመውምም። ባለፈው የተረፈውን አሞክሳሲሊን ከፍሪጅ አውጥቶ መስጠት ግን ብዙ ቤት የተለመደ ነው። በውኃ የተበጠበጠ ሽሮፕ ከቀናት በኋላ ይበላሻል። ከዚያም አልፎ እውነተኛውን በሽታ ይሸፍነዋል። እባካችሁ ይህን ተዉት።

«ጥርስ ሊያወጣ ነው» የሚባለውም እንዲሁ ነው። ጥርስ ድድ ያሳክካል፣ ለሃጭ ያበዛል፣ ያነጫንጫል፤ ሙቀቱንም በጥቂቱ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። 38.5 እና 39 የሚያስገባ ጥርስ ግን የለም። ጥርስ የሚወጣበት ዕድሜ ከእናቱ ያገኘው መከላከያ የሚያልቅበትና እጁ የያዘውን ሁሉ አፉ የሚከትበት ጊዜ ስለሆነ፣ ሁለቱ ይገጣጠማሉ።

ወደ ወባ እንምጣ። ወባ ከ2000 ሜትር ከፍታ በታች ባለው አገራችን በሙሉ የሚጠረጠር ነው። ዋናው ወቅቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ሚያዝያና ግንቦት ላይም ይነሣል። በፈረንጆቹ 2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመም ተመዝግቧል። «ወባ ቀን እየዘለለ ነው የሚነሣው» የሚለውን እርሱት። ልጅ ላይ እንደዚያ ላይሆን ይችላል። ዝም ብሎ ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ አንዳንዴም ተቅማጥ ሆኖ ይመጣል። ፋልሲፋረም የሚባለው ዓይነት አንድን ትንሽ ልጅ በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ አደጋ ላይ ይጥለዋል። ስለዚህ ወባማ አካባቢ ያለ ወይም በቅርቡ ሄዶ የመጣ ልጅ ካተኮሰው ሃያ አራት ሰዓት ሳያልፍ ይመርመር። ጤና ኬላ ላይ ከጣት ጫፍ በምትወሰድ አንዲት ጠብታ ደም ውጤቱ ከሃያ ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ይታወቃል። መድኃኒቱ የሦስት ቀን ከሆነ ልጁ በሁለተኛው ቀን ቢሻለውም ሦስቱንም ቀን ይጨረስ። መዳፉ ከነጣ ንገሯቸው፤ ወባ ደም ይጨርሳል።

አዲስ አበባ ያለ ሰው «እኛ ጋ ወባ የለም» ይላል። ግን በዓልን አርባ ምንጭ ወይም መተሐራ አሳልፎ የመጣ ልጅ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሊያተኩሰው ይችላል። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ያገረሻል። ውጭ አገር የምትኖሩ፣ ልጆቻችሁን ለክረምት አገር ቤት ይዛችሁ የምትመጡ፣ ይህን ልብ በሉልኝ። ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ያለ ሐኪም ካልነገራችሁት ወባን ላያስብ ይችላል። «ከኢትዮጵያ ነው የመጣነው» የሚለው በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይግባ።

ሽፍታ ያለው ትኩሳት ሌላ ታሪክ አለው። ኩፍኝ በከፍተኛ ትኩሳት፣ በሳል፣ በንፍጥና በቀላ ዓይን ይጀምራል። ከሦስት አራት ቀን በኋላ ሽፍታው ከጆሮ ኋላና ከፊት ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ ትኩሳቱም ያኔ ይብሳል። የኩፍኝ ልጅ ቤት ተደብቆ አይቀመጥም። ሳምባውንና ዓይኑን ስለሚጎዳ ቫይታሚን ኤ ያስፈልገዋል። በእኛ አገር ክትባቱ በ9 ወርና በ15 ወር ይሰጣል፤ ሁለተኛውን የሚረሱ ብዙ ናቸው። ከዚህ በተቃራኒ ሦስት ቀን ሙሉ በኃይል አተኩሶት፣ ትኩሳቱ ጥርግ ብሎ ከጠፋ በኋላ ሽፍታ የሚወጣበት ሕፃን አለ። ልጁ ደኅና ከሆነ ሮዜኦላ የሚባል ቀላል የቫይረስ ሕመም ሊሆን ይችላል።

የጉሮሮ ሕመም አብዛኛው ቫይረስ ነው። ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ባሉት ላይ ግን ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ሳይታከም ከቀረ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ሰውነት በገዛ ራሱ ልብ ላይ ሊነሣ ይችላል። ሩማቲክ ፊቨር የሚባለው ይህ ነው። አንዴ ጉልበት፣ አንዴ ቁርጭምጭሚት እየዞረ የሚያሳብጥ ትኩሳት ካያችሁ አትዘግዩ። ብዙ ወጣት ኢትዮጵያውያንን ለልብ ቀዶ ሕክምና ወረፋ የሚያሰልፈው ይህ በልጅነት የታለፈ ጉሮሮ ነው። ፔኒሲሊን ያክመዋል። እንጥል ማስቆረጥ ግን ምንም አያክምም፤ ደም ያፈሳል፣ ቴታነስንም ጨምሮ ሌላ ኢንፌክሽን ያስገባል።

ሳልም ተቅማጥም ሽፍታም የሌለው፣ ዝም ብሎ የሚያተኩሰው ሕፃን፣ በተለይ ሴት ልጅ፣ ሽንቷ ይመርመር። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በቀላሉ ይታለፋል። ጆሮውን የሚጎትት ወይም ጆሮው የሚፈስ ልጅም ጆሮው ይታይ።

አሁን ሁላችንም ወደምናውቀው ወረቀት። ልጁ ትናንት ማታ አተኩሶታል፣ ዛሬ ጠዋት ደም ሰጥቷል፣ ወረቀቱ ላይ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተጽፎ ይመጣል። ይህ በአገራችን በጣም በዝቷል፤ ያሳስበኛልም። ዊዳልና ዌል ፊሊክስ የሚባሉት ምርመራዎች ጀርሙን አያዩም። የሚያዩት ሰውነት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ያ ደግሞ ካለፈ ሕመም የቀረ ሊሆን ይችላል፤ በሌላ ኢንፌክሽንም ይነሣል። እውነተኛ ታይፎይድ ቀስ በቀስ እየጨመረ የሚሄድና ቀናትን የሚፈጅ ትኩሳት ነው፤ የሆድ ሕመምና የራስ ምታት አለው። በአግባቡ የሚረጋገጠውም በደም ካልቸር፣ ማለትም ደሙ ውስጥ ያለውን ጀርም ራሱን አሳድጎ በማየት ነው። ጉዳቱ አንቲባዮቲክ በከንቱ መዋጡ ብቻ አይደለም። «ተገኘለት» ተብሎ ፋይሉ ይዘጋና ወባው ወይም የሽንት ኢንፌክሽኑ ሳይታይ ይቀራል። ሐኪሙን «ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ቤት ውስጥ የሚደረገው

መድኃኒት የሚሰጠው ልጁ እንዲቀለው ነው። ቁጥሩን 36.5 ለማድረስ አይደለም። እየተጫወተ ያለ ልጅን 38 ስለሆነ ብቻ ማስዋጥ አያስፈልግም። 38.5 ካለፈና ከተጨነቀ፣ ካመመው፣ መጠጣት ከሰለቸው ፓራሲታሞል ስጡት። ተኝቶ ከሆነ ለመድኃኒት ብላችሁ አትቀስቅሱት።

መጠኑ በዕድሜ ሳይሆን በኪሎ ይሰላል። በአንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው። በየመሐሉ ከ4 እስከ 6 ሰዓት፣ በ24 ሰዓት ከአራት ጊዜ አይበልጥ። 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ እንውሰድ። የሚያስፈልገው ከ100 እስከ 150 ሚሊ ግራም ነው። ጠርሙሱን አዙሩና ጽሑፉን አንብቡ። «120 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር» ካለ 5 ሚሊ ሊትር ልክ ነው። ግን በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጥ የጠብታ ፓራሲታሞልም አለ። እሱ ላይ «100 ሚሊ ግራም በ1 ሚሊ ሊትር» ተጽፎ ልታዩ ትችላላችሁ። ከዚህኛው እንደ ሽሮፑ 5 ሚሊ ሊትር ብትሰጡት 500 ሚሊ ግራም ሆነ፤ ከላይኛው ልክ ከሦስት እጥፍ በላይ። ይህ ሲደጋገም ጉበት ይጎዳል። አያት ጋ ያለው ጠርሙስና እናንተ ጋ ያለው አንድ ዓይነት ላይሆን ይችላልና ልጁን ለሚጠብቀው ሰው ሁሉ አሳዩ። የጉንፋን ሽሮፖችም ብዙ ጊዜ ውስጣቸው ፓራሲታሞል አለ፤ ሁለቱን አትደርቡ። መለኪያው የወጥ ቤት ማንኪያ አይሁን። ከጠርሙሱ ጋር የመጣው መለኪያ ወይም መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ይሻላል።

አይቡፕሮፌን ከስድስት ወር በላይ ላለ ልጅ ይሆናል። በተቅማጥና በትውከት ውኃው ለተሟጠጠ ልጅ ግን ኩላሊት ስለሚጎዳ ይቅር። ድሬዳዋ፣ አፋርና ሶማሌ ክልል ያላችሁ ደግሞ ዴንጊ የሚባል በትንኝ የሚተላለፍ የቫይረስ ሕመም ስላለ፣ እሱ አለመሆኑ ሳይታወቅ አይቡፕሮፌን አትስጡ። ዴንጊ ላይ መድማትን ያባብሳል። አስፕሪን ለልጅ ጨርሶ አይሰጥም።

ጋቢውን አንሡለት። ቀላል ልብስ ይበቃዋል። «ብርድ ይመታዋል፣ ምች ይሆንበታል» ተብሎ መስኮት ዘግቶ መጠቅለል ሙቀቱን ያባብሰዋል። በሌላ ጫፍ ደግሞ በቀዝቃዛ ውኃ ወይም በአልኮል ማሸት አለ። ቀዝቃዛ ውኃ ልጁን ያንቀጠቅጠዋል፤ መንቀጥቀጡ ራሱ ሙቀት ያመርታል። አልኮል በቆዳና በትንፋሽ ገብቶ ይመርዛል። ዳማከሴውን በተመለከተ፣ የሕፃን አፍንጫ ውስጥ ጨምቆ ማፍሰስ ትን ሊያስብለው ይችላል። ስድስት ወር ላልሞላውም ከጡት ሌላ ምንም አይሰጥ።

ውኃ ግን አይቋረጥ። ጡት የሚጠባ ቶሎ ቶሎ ይጥባ። ትልቁ አጥሚት፣ ሾርባ፣ ውኃ፣ ተቅማጥ ካለውም ኦአርኤስ ጥቂት ጥቂት ይጠጣ። ለአንድ ሁለት ቀን ምግብ ቢቀንስ አያስጨንቅም። የሽንቱን ብዛት ግን ተከታተሉ።

ካንቀጠቀጠውስ?

ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ባለው ዕድሜ ከመቶ ልጆች ከሁለት እስከ አምስቱን ትኩሳት ያንቀጠቅጣቸዋል። ለሚያየው ወላጅ ከዚህ የሚያስፈራ ነገር የለም። ዓይኑ ይገለበጣል፣ ይደርቃል፣ ይንዘፈዘፋል። አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት ደቂቃ በታች ነው፤ አንጎሉንም አይጎዳም፣ የሚጥል በሽታም አይደለም።

ወለል ላይ በጎኑ አስተኙት። በአካባቢው ያለውን ጠንካራ ነገር አርቁ። ሰዓት ተመልከቱ። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ፣ ውኃም መድኃኒትም አታንቆርቁሩ። ክብሪት ለኩሶ ማሸተት አይጠቅምም፤ ፊቱን ሊያቃጥል ይችላል። ይዛችሁ ለማስቆምም አትታገሉት። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ቆሞ ከተደገመ በተገኘው መኪና ውሰዱት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ቢያቆምም በዚያው ቀን ይታይ፤ ወባማ አካባቢ ደግሞ ሁልጊዜም ወደ አንጎል የወጣ ወባ ነው ብላችሁ ሩጡ። ጸበል የምትወስዱትም ብትሆኑ ሐኪም ቤቱ ይቅደም።

ከሦስት አንዱ ልጅ ሌላ ጊዜ ይደገምበታል። ፓራሲታሞል ቀድሞ መስጠት አይከለክለውም። ስለዚህ «ሳልሰጠው ቀርቼ ነው» ብላ ራሷን የምትወቅስ እናት ካለች፣ ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

ሐኪም ቤት ስትሄዱ የክትባት ካርዱን፣ የሰጣችሁትን መድኃኒት ጠርሙስ፣ የሰጣችሁበትን ሰዓትና የለካችሁትን ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። ትኩሳቱ መቼ እንደጀመረ፣ ልጁ በዚህ ወር የት የት እንደሄደ፣ ቤት ውስጥ ሌላ የታመመ ካለ ንገሩ። ታይቶ «ቤት ውሰዱት» ከተባለና በሁለት ቀን ውስጥ ትኩሳቱ ካልለቀቀው ተመለሱ። ከሰባት ቀን በላይ በየቀኑ የሚያተኩሰው ልጅ ደግሞ ከፍ ወዳለ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍለት።